ወደ አጥንት የተሰራጨ የጨጓራ ካንሰር፦ የስያሜና የትርጉም ማብራሪያ

ከጨጓራ ተነሥቶ አጥንት ላይ የደረሰን ካንሰር “የአጥንት ካንሰር” ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው። በአጥንቱ ውስጥ የሚገኙት ሕዋሳት የጨጓራ ካንሰር ሕዋሳት ናቸውና፣ መድኃኒቱም በዋነኛነት የሚመረጠው በመነሻው እንጂ በደረሰበት አካል አይደለም። ከራሱ ከአጥንት የሚነሣው ካንሰር ሌላ በሽታ ነው፤ ሕክምናውም ሌላ ነው።

“ነቀርሳ” የሚለውን አገርኛ ቃል የሚመርጡ አሉ። ይሁን እንጂ “የሳምባ ነቀርሳ” ሲባል ሕዝቡ የሚረዳው ቲቢን ነው። ቲቢም አጥንትን፣ በተለይ የአከርካሪን አጥንት፣ ስለሚያጠቃ “የአጥንት ነቀርሳ” የሁለት በሽታዎች ስም ይሆናል፤ ይኸውም አንዱ በወራት መድኃኒት የሚድን፣ ሌላው የማይድን ነው። ባዕድ ቃል ለማይወድ ደስ ባይልም፣ እዚህ ላይ “ካንሰር” ይሻላል።

“ተዛመተ” ወረርሽኝን ስለሚያስታውስ ሰሚው በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ሊመስለው ይችላል። “ሥር የሰደደ” ደግሞ ረጅም ጊዜ ለቆየ በሽታ ተይዟል። ስለሆነም “የተሰራጨ” የሚለው ተመራጭ ነው። ከሁሉ የከፋው “ሁለተኛ ደረጃ ካንሰር” የሚለው ነው። ተርጓሚው ከሌላ አካል የመጣ ማለቱ ነው፤ አንባቢው ግን “ደረጃ” የበሽታው ስፋት መለኪያ መሆኑን ስለሚያውቅ ገና ሁለተኛው ላይ ያለ ይመስለዋል። ወደ አጥንት የተሰራጨ የጨጓራ ካንሰር አራተኛ ደረጃ ነው።

ነገሩ በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች ከምትገኘው ከዛሪማ ወደ ጎንደር ለሕክምና የሚመጣ ገበሬ እናስብ። “ጨጓራ አለብኝ” ይላል፤ በአነጋገሩ “ጨጓራ” የአካሉም የሕመሙም ስም ነው። የወገቡን ሕመም “ቁርጥማት” ይለዋል እንጂ ከጨጓራው ጋር አያገናኘውም። “ሕክምና አለው” ሲባል ደግሞ “ይድናል” ብሎ ይሰማል። በዚህ ደረጃ ግን ሕክምናው ዕድሜን ለማራዘምና ሥቃይን ለመቀነስ እንጂ በሽታውን ከሥሩ ለመንቀል አይደለም። “ማከም”፣ “ማዳን” እና “ማስታገስ” መለየት ያለባቸው ስለዚህ ነው። “ማስታገሻ” ብቻውን የሕመም ክኒን ስለሚመስል፣ ሰፊውን እንክብካቤ “አስታጋሽ ሕክምና” ማለት ይሻላል።

በዚህ ስም ሥር የሚገቡት ብዙ ናቸው። ኬሞቴራፒ በደም አማካይነት መላውን አካል ያዳርሳል። ሞርፊን ጽኑ ሕመምን ያበርዳል፤ ዞሌድሮኒክ አሲድ የአጥንትን መሰበር ይቀንሳል። የጨረር ሕክምና የሚያመውን አጥንት ለይቶ ይመታል፤ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ 8 ግሬይ ሕመምን በማስታገስ ረገድ በብዙ ቀናት ከተከፋፈለው አያንስም፣ ምንም እንኳ ኋላ መደገም የሚያስፈልግበት ጊዜ ቢበዛ። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለነበር፣ “አንድ ጊዜ” የሚለው ቃል ከሩቅ አገር ለሚመጣ በሽተኛ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው።

በመጨረሻም፣ ካንሰሩ ሕብለ ሰረሰርን ሲጫን እግር ይሰንፋል። ይህ አስቸኳይ ምልክት በማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ላይ “የእግር ድካም” ተብሎ ከተተረጎመ በሽተኛው ጋደም ብሎ ያርፋል፤ “እግር አልታዘዝ ሲል” ከተባለ ግን በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ይሄዳል።