ጽጌረዳዋ ቦሌ እስክትደርስ ምን ደረሰባት?

አመሻሽ ላይ ቦሌ አየር ማረፊያ፣ የጭነት ተርሚናሉ አካባቢ፣ ማቀዝቀዣ የተገጠመላቸው የአበባ መኪኖች ተራ ይጠብቃሉ። ከባቱ የመጣው 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል፤ የሆለታና የሰበታው መንገዱ ቢያጥርም የከተማውን የመኪና መጨናነቅ ቀምሷል። ካርቶን ውስጥ የታሸገችው ጽጌረዳ ከተክሉ ተቆርጣለች፣ ውሃም የላትም፣ ግን አልሞተችም። ትተነፍሳለች። ከሰዓታት በኋላ ወደ አውሮፓ ትበራለች፤ አብዛኛው የአገራችን አበባ የሚያርፈው ኔዘርላንድ ነው። ተረካቢው ካርቶኑን ሲከፍት ቴርሞሜትሩ 4 ዲግሪ ይላል፣ እምቡጡም ጥብቅ ነው። ሁለቱም ደህና ሆነው ሳለ አበባዋ ገዢው ቤት በገባች በሦስተኛ ቀኗ ልትረግፍ ትችላለች።

እንዲህ የሚሆነው ተክል ሲቆረጥ፣ ሲጠማ ወይም ሲንገላታ በውስጡ የሚያመነጫቸው የጭንቀት ሆርሞኖች ስላሉ ነው። ለተቆረጠ አበባ ዋነኛው ኤቲሊን ነው፤ ሁለት ካርቦንና አራት ሃይድሮጅን ብቻ ያለው ቀላል ጋዝ። ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ እ.ኤ.አ. በ1901 ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ የአተር ቡቃያዎቹ ለምን እንደሚጣመሙ ሲመረምር ከመብራት ጋዝ የወጣ ኤቲሊን መሆኑን ደረሰበት። ተክሎች ራሳቸው እንደሚሠሩት ደግሞ በ1934 እንግሊዛዊው ሪቻርድ ጌን አረጋገጠ። የእኛ ሙዝ ነጋዴዎች ስሙን ሳይሰሙ ሥራውን ያውቁታል፤ ጥሬ ሙዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በላምባ ጭስ ሲያበስሉ ሥራውን የሚሠራላቸው ጭሱ ውስጥ ያለው ኤቲሊን ነው። ሙዙን የሚያበስለው ጋዝ አበባን ያስረጃል። ለጋዙ ስስ ለሆኑ አበቦች ከአሥር ሚሊዮን የአየር እጅ አንዱ እንኳ ሊበዛባቸው ይችላል።

ይህን ያህል ጥቂት ነገር የሚለካው መሣሪያ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ይባላል። አበባዋ ጠርሙስ ውስጥ ገብታ በጎማ ክዳን ትታሸጋለች። ለተወሰነ ሰዓት ከቆየች በኋላ ባለሙያው ጎማውን በመርፌ ወግቶ 1 ሚሊ ሊትር አየር ይስባል፣ መሣሪያው ውስጥም ይረጨዋል። አየሩ ረጅም ቀጭን ቱቦ ውስጥ ሲገፋ ጋዞቹ በየፍጥነታቸው ይለያያሉ፤ ኤቲሊን ተራው ደርሶ መጨረሻ ላይ ያለችው ትንሽ የሃይድሮጅን ነበልባል ውስጥ ሲቃጠል በስክሪኑ ላይ ጉብታ ይሠራል። የጉብታው ስፋት መጠኑን ይነግራል።

ችግሩ ጋዝ አይቆይም። ጠርሙሱ የሚነግረን አበባዋ አሁን የምታወጣውን እንጂ ትናንት መኪናው ላይ የደረሰባትን አይደለም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። እ.ኤ.አ. በ1979 አዳምስና ያንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ተክሉ ኤቲሊንን የሚሠራው ኤሲሲ ከሚባል አሚኖ አሲድ መሆኑን አሳዩ። ኤሲሲው ሲተርፍ ተክሉ ከማሎኒል ጋር አስሮ ያስቀምጠዋል፤ ይህ የታሰረው ደግሞ በቀላሉ አይፈታም። ስለዚህ ጋዙ ከበነነ በኋላም ቅጠሉ ውስጥ ይገኛል፣ ያለፈ ጥማትንም ይመሰክራል።

ይህን መለካት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ቅጠሉ ተፈጭቶ ጭማቂው በአልኮል ይወጣና ለሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው እጅ ላይ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ይጨመርበታል፤ ቤታችን በረኪና የምንለው ማለት ነው። በረኪናው ኤሲሲውን ወደ ኤቲሊን ይለውጠዋል፣ ጋዙም በዚያው መሣሪያ ይለካል። ሁለተኛው እጅ ቀድሞ በኃይለኛ አሲድ ለሰዓታት ይቀቀላል፣ የታሰረውም ይፈታል፤ ከዚያ እንደ መጀመሪያው ይለካል። የሁለቱ ልዩነት የታሰረው መጠን ነው። (በነባሩ ዘዴ ሜርኩሪ ስለሚጨመር ዝቃጩን ማጠቢያ ውስጥ መድፋት ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው።)

ሁሉም እስር አንድ ዓይነት አይደለም። ድርቅ ሲመጣ የቅጠልን ቀዳዳዎች የሚያዘጋው አብሲሲክ አሲድ ከግሉኮስ ጋር ታስሮ ይቀመጥና ሲፈለግ ይፈታል፤ ጃስሞኒክ አሲድ ደግሞ ይባስ ብሎ ሥራ የሚጀምረው አይሶሉሲን ከሚባል አሚኖ አሲድ ጋር ሲታሰር ነው። ነጻውን ብቻ ለክቶ «ተክሉ ደህና ነው» ማለት እንግዲህ የኪስን ገንዘብ ቆጥሮ ስለ ባንኩ መናገር ነው። እነዚህን ለመለካት ማስ ስፔክትሮሜትር ያስፈልጋል፤ ሞለኪውልን በክብደቱ የሚለይ፣ ነጻውን አብሲሲክ አሲድ በ263፣ ከግሉኮስ የታሰረውን በ425 የሚያነብ መሣሪያ ነው። ውድ ነው፣ አየር ማቀዝቀዣና የማይቆራረጥ መብራት ይፈልጋል፤ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በእኔ እምነት የአበባ ላኪዎቻችን ማስ ስፔክትሮሜትር እስኪመጣ መጠበቅ የለባቸውም። አንድ ጋዝ ክሮማቶግራፍ፣ በረኪና፣ አሲድና የሠለጠነ እጅ ካለ ከእርሻው በር፣ ከመኪናው ላይና ከቦሌ ማቀዝቀዣ ክፍል ቅጠል ወስዶ ጽጌረዳዋ የት ቦታ እንደተጎዳች ማወቅ ይቻላል። ቴርሞሜትር የክፍሉን እንጂ የአበባዋን አይናገርም።