ዳዋ የዋጠው ጓሮና የችኮላ ዋጋ



ከብዙዎቻችን ቤት ጀርባ ሣር የዋጠው፣ ጥራጊ የሚደፋበት፣ ልጆች እንዳይገቡበት የሚከለከሉበት ቁራሽ መሬት አይጠፋም። «አንድ ቀን እናጸዳዋለን» እያልን እናልፈዋለን። ያ ቀን የመጣ እንደሆነ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ጀንበር ልንጨርስ እንነሣለን። እኛም በዚሁ መንገድ ሄደን ከስረናል። ጓሮ ለማልማት ለሚያስቡ ቤተሰቦች ትጠቅም ዘንድ ስህተታችንን ሳንደብቅ ይህችን ጽሑፍ እናቀርባለን።

አደራው

የምንኖረው ደሴ ከተማ፣ ተዳፋት ላይ ባለ ሰፈር ነው። ባልና ሚስት ሁለታችንም መምህራን ነን። ከጠመኔ በቀር ዶማ ጨብጠን አናውቅም ነበር። የጎረቤታችን እማማ ባለቤት ወደ አኼራ ከሄዱ ሦስት ዓመት አልፏል። ሟቹ በሕይወት ሳሉ ከጓሯቸው ጎመን ያልቀመሰ ጎረቤት አልነበረም። ከእርሳቸው በኋላ ግን መሬቱን የሚነካው ጠፋ። ስፋቱ 10 በ12 ሜትር ቢሆን ነው። ሙጃው ወገብ ይደርሳል፤ ሳማና ቱልት አጥሩን ይዘውታል፤ ከሥር ደግሞ ሰርዶ እንደ መረብ ተዘርግቷል።

በግንቦት 2015 ዓ.ም እማማ አስጠሩንና «ልጆቼ፣ እኔ ጉልበቴ አልቋል። አልሙትና ብሉ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሳቸው ለጎረቤት ይሰጡት የነበረው እንዳይቋረጥ» አሉን። እኛም በደስታ ተቀበልን። አደራ መቀበል ቀላል ነው፤ ክብደቱ የሚታወቀው ኋላ ነው።

የአንድ ሰሞን ጉልበት

ቅዳሜና እሑድን ይዘን ዘመትን። ሙጃውን በማጭድ አጨድን፤ ክምሩን በእሳት ለቀቅንበት፤ መሬቱን ከዳር እስከ ዳር በዶማ ገለበጥን። እጃችን ውኃ ቋጠረ፤ ልባችን ግን ሞቅ አለ። ሰኔ ሲገባ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ሰላጣና ጎመን በአንድ ጊዜ ዘራን።

ሐምሌ መጣ። የደሴ ክረምት እንደሚታወቀው ነው። ባዶውን የቀረውን የተዳፋት አፈር ጎርፍ ጠርጎ አጥሩ ሥር አከማቸው። የተረፈው ላይ ሰርዶው ከበፊቱ በዝቶ ወጣ። በዚያ ላይ የፈተና ወረቀት ማረም ነበረብን። ነሐሴ ላይ ካሮቱን ከአረሙ መለየት አቃተን። መስከረም ሲጠባ ያገኘነው እንደ ጣት የቀጠነ አንድ እፍኝ ካሮት ነበር። ለጎረቤት ቀርቶ ለራሳችን ወጥ አልበቃም። ከኀፍረታችን የተነሣ በእማማ በር ማለፍ ትተን በላይኛው መንገድ መዞር ጀመርን።

እማማ ግን ራሳቸው መጡ። ጓሮውን ዞር ዞር ብለው አዩና «ሰርዶን በዶማ ከቆራረጣችሁት እኮ መዝራታችሁ ነው» አሉን። ያልገባን ይህ ነበር። የሰርዶ ሥር አንጓ አንጓ አለው። አንጓ ያለበት ቁራጭ ሁሉ ራሱን ችሎ ይበቅላል። እኛ አንዱን ሺህ አድርገነው ኖሯል! ቀጥለውም «ሟቹ ሁሉንም ባንዴ አይነኩም ነበር። ዘርተው የሚጠብቁትን ያህል ብቻ ይከፍቱ ነበር» አሉን።

በዚህ ጊዜ የልጅነት መድረሳችን ትዝ አለን። ኡስታዛችን ለአንድ ቀን የሚሰጡን ጥቂት አንቀጽ ነበር። እርሱን ሳንይዝ ሌላ አይጨምሩልንም፤ የትናንቱንም ሳያስደግሙን አያልፉም። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው እንደሆነ አስተምረውናል። ይህንን ለተማሪዎቻችን ስንነግር ኖረን ለጓሯችን ረሳነው።

ሁለተኛው ጉዞ

በጥቅምት 2016 ዓ.ም እንደገና ጀመርን። መሬቱን በገመድ ለስድስት ከፈልነው። እያንዳንዱ 20 ካሬ ሜትር ያህል ነው።

አንደኛውን ብቻ ቆፈርን። ዶማውን ትተን ባለ ጥርስ መቆፈሪያ ተዋስን፤ አፈሩን እያነሣን ሰርዶውን ሳይበጠስ በእጅ ለቀምን። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ። የተለቀመውን ሥር በድንጋይ ላይ አሰጣነው፤ የበጋው ፀሐይ እስኪሰባበር አደረቀው። ቱልት ደግሞ ወደ ታች የሚወርድ ወፍራም ሥር ስላለው ከሥሩ ካልተነቀለ ተመልሶ ያቆጠቁጣል።

ሁለተኛውን በካርቶን ሸፈንን፤ በላዩ ላይ ወፍራም ጭድ ጨመርን። ብርሃን ያጣ ሣር ቀስ በቀስ ይከስማል። ሰርዶ ግን ወራትን ይታገሣል፤ ስለዚህ እስከ ክረምት አልገለጥነውም።

የቀሩትን አራቱን አልቆፈርናቸውም። አበባ ሳይዙ በማጭድ እናጭዳቸዋለን። ዘሩን ያልበተነ አረም የከርሞ ሥራ ይቀንሳል፤ ሥሩም አፈሩን ከጎርፍ ይይዛል።

የታጨደውን ሣር ማቃጠል ተውን። ከወጥ ቤት ልጣጭ፣ ከደረቅ ቅጠልና ከከብት እበት ጋር እየደራረብን ብስባሽ አዘጋጀን። እርጥበቱን እየጠበቁ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ቢያገላብጡት በሦስት አራት ወር ለአፈር ይደርሳል። የሰርዶ ሥርና ዘር የያዘ አረም ግን ከዚህ አይገባም።

የበልጉ ዝናብ ሲጥል በአንደኛው ላይ ያጎነቆለ ድንች ተከልን፤ በመስመሮቹ መካከል 75፣ በተክሎቹ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሰጠን። መስመሩን በተዳፋቱ አግድም አደረግነው፤ ውኃው እንዳይሮጥ። ለጀማሪ ድንች ጥሩ ነው። አፈር ስናስታቅፈው አረሙ አብሮ ይቀበራል፤ ስናወጣውም መሬቱ ሌላ ጊዜ ይቆፈራል፤ የቀረ ሰርዶ ካለ ይለቀማል። ክረምት ሲገባ በዚያው ቦታ የጎመን ችግኝ አዛወርን፤ ድንቹ ወደ ሁለተኛው ተሻገረ። ድንችን እዚያው ቦታ ላይ መደጋገም በሽታ ያለማምዳል።

አረሙን የሚጠብቁት ልጆቻችን ናቸው። ከትምህርት ሲመለሱ አንዳንድ መስመር ይዘው ሁለት ቅጠል ሳያልፍ ይነቅሉታል። በእንጭጩ የተቀጨ አረም የሩብ ሰዓት ሥራ ነው፤ የተተወ ግን የአንድ ቀን።

የመጀመሪያው እስር

ከአንደኛው ቁራሽ ያወጣነው ድንች ማዳበሪያ ከረጢት አልሞላም። ጎመኑ ግን በረከት ነበረው፤ የታች የታቹን ቅጠል እየለቀምን አናቱን ስለምንተው ደጋግሞ ይሰጣል። የመጀመሪያውን እስር ይዘን፣ በላይኛው መንገድ ሳይሆን በፊት ለፊት፣ ወደ እማማ በር ሄድን። እርሳቸው ግን ወደ ጓዳ አላስገቡትም። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ለሰባት ከፈሉትና «ይህን ለእገሌ ቤት፣ ይህን ለእገሊት ቤት» እያሉ ልጆቻችንን ላኩ። ሟቹ ይሰጧቸው የነበሩትን ቤቶች አንድ በአንድ ያስታውሱ ነበር። ለራሳቸው የቀረው ጥቂት ቅጠል ነው።

ሙስሊም ከተከለው ወይም ከዘራው ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሶደቃ እንደሚጻፍለት በሐዲስ ተነግሮናል። ያን ቀን ይህን በዓይናችን ያየነው መሰለን።

ከስድስቱ ቁራሽ በ2017 ዓ.ም አራቱን አለማን። አንዱን ሸፈንነው፤ አንዱ ገና ሣር ነበር፤ ያንን ለጎረቤት ላም አጨድንላት። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ አልቸኮልንም።

ውድ አንባብያን፣ ከደጃችሁ ዳዋ የዋጠው መሬት ካለ ዛሬ ሁሉንም አትንኩት። ገመድ ዘርጉና ልትጠብቁት የምትችሉትን ያህል ክፈቱ። የቀረው ይቆያችኋል። አላህ በያዝነው ላይ በረካ ያድርግልን፤ አሚን።