ዘበኛው አለ፣ ቢሮው ግን ባዶ ነው

ኧረ ስሙኝማ! ትናንት ማታ እዚህ ሸርቆሌ ሲያለፋኝ ያመሸ ነገር ዛሬ ጠዋት ገባኝ። ለሁላችሁም ሳልነግር ማደር አልችልም፤ ቡናው እስኪፈላ ታገሱኝ።

ያቺን የማንጎ ዋጋ የምትመዘግብ ድረ ገጼን ታውቋታላችሁ። እኔ ኮምፒውተር ላይ እንደ ልብ ትሠራለች። ሩቅ ባለው ኪራይ ሰርቨር ላይ ስጭናት ግን ነጭ ገጽ ላይ «502 ባድ ጌትዌይ» ብቻ! እዚህ ገጽ አልከፈት ሲል መጀመሪያ የምንጠረጥረው ኔትወርኩን አይደል? ስልኬን ይዤ ኔትወርክ ፍለጋ ወጣሁ።

አሁን የገባኝን ስሙ። ያ ጽሑፍ እኮ ራሱ ከሰርቨሩ የመጣ መልስ ነው! ኔትወርክ ባይኖር እሱም አይደርሰኝም ነበር። የመጀመሪያዋ አኃዝ ደግሞ ጉድ ናት። በ4 ከጀመረ ጥያቄው ላይ ችግር አለ፤ የሌለ ገጽ ስትጠይቁ 404 እንደሚመጣው ማለት ነው። በ5 ከጀመረ ግን ችግሩ ከሰርቨሩ ወገን ነው።

ሰርቨሩ ውስጥስ ማን አለ? የመሥሪያ ቤት ግቢ አስቡ። በሩ ላይ ዘበኛ ቆሟል፤ ስሙ ኤንጂንኤክስ ነው። ኢጎር ሲሶዬቭ የተባለ ሩሲያዊ ጽፎ በ2004 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የለቀቀው ፕሮግራም ነው፤ አሥር ሺህ እንግዳ ባንዴ ቢመጣ እንዲችል ታስቦ የተሠራ። እናንተ ወደ ውስጥ አትገቡም። ወረቀታችሁን ተቀብሎ ቢሮ ያደርሳል፣ መልሱንም ይዞላችሁ ይመጣል። ቢሮ ያለችው የኔ ፕሮግራም የምትሰማው ፓይተን የሚባለውን ቋንቋ ብቻ ስለሆነ ጉኒኮርን የሚባል አስተርጓሚ አብሯት ይቀመጣል። በርታ፣ አረብኛና አማርኛ በሚሰማበት አገር አስተርጓሚ ከቦታው ሲጠፋ ምን እንደሚሆን እናንተው ታውቁታላችሁ።

ዘበኛው የትኛው ቢሮ እንደሚሄድ የሚያውቀው እኔ ጽፌ ከሰጠሁት መመሪያ ነው፤ «8000 ቁጥር ውሰድ» ብዬዋለሁ። ይህን ቁጥር ባለሙያዎቹ ፖርት ይሉታል። እና 502 ማለት «እኔ በሩ ላይ አለሁ፤ ከውስጥ ግን ደህና መልስ አላገኘሁም» ማለት ነው። ዘበኛው እኮ አልጠፋብኝም፣ እየነገረኝ ነበር!

መዝገብም ይይዛል፤ የስህተት መዝገብ። የመጨረሻውን መስመር ሳነብ 111 የሚል ቁጥርና «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» የሚል ቃል፣ ከአጠገቡም 127.0.0.1:8000 አገኘሁ። 127.0.0.1 ማለት «እዚሁ ግቢ ውስጥ» ነው። 111 ደግሞ በዚያ ቁጥር ተቀምጦ የሚቀበል የለም ማለት ነው። ሰው ኖሮ መልስ ቢያዘገይማ ዘበኛው 60 ሰከንድ ያህል ጠብቆ 504 ይዞ ይመለስ ነበር።

እዚህ ላይ ልቤ መምታት ጀመረ። ማን የት እንደተቀመጠ የሚዘረዝረውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ጉኒኮርን በሰላም ተቀምጧል፣ 8001 ላይ! ባለፈው ሳምንት 8000ን ሌላ ሙከራ ይዞት ስለነበር እኔው ነኝ ያዛወርኩት፤ የዘበኛው መመሪያ ግን እንደ ድሮው ቀርቷል።

ግን ማታ መመሪያውን በፍተሻ ትእዛዝ አስፈትሼ «ትክክል ነው» ተብዬ የለ? አዎ፣ የገረመኝም ይኸው ነው። ፍተሻው የሚያየው አጻጻፉን ነው፤ ነጥቡ ቦታው ላይ መሆኑን፣ ቅንፉ መዘጋቱን። በ8000 ቁጥር ሰው መኖር አለመኖሩን ሄዶ አያንኳኳም። የአድራሻው ፊደል ያማረ ደብዳቤ ሰው ለለቀቀው ቤት እንደመላክ ነው!

አንዲት አኃዝ ቀየርኩ። አስፈተሽኩ። ከዚያ መመሪያውን እንደ አዲስ እንዲያነብ አዘዝኩት። ሲያነብ እንኳ በሩን አይዘጋም፤ በሥሩ ያሉት ነባሮቹ ዘበኞች የያዙትን እንግዳ ሸኝተው ይወጣሉ፣ አዲሶቹ አዲሱን መመሪያ ይዘው ቀጣዩን ይቀበላሉ። ገጹን ደግሜ ስከፍት የማንጎው ዋጋ ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ መጣ። ስልካችሁን አውጡና እናንተም ክፈቱት!