ከጋምቤላ እስከ ጅግጅጋ፦ የአየር ርቀቱና የጉዞ ሰዓቱ

የጋምቤላና የጅግጅጋ አውሮፕላን ማረፊያዎች አንዱ በአገራችን ምዕራብ፣ ሌላው በምሥራቅ የሚገኙ፣ እጅግ የተራራቁ የክልል ማረፊያዎች ናቸው። በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚጓዙ ዜጎች ጊዜያቸውን በአግባቡ እንዲያቅዱ ለማገዝ ይህ ማብራሪያ ተዘጋጅቷል።

ርቀቱ

በቀጥታ መስመር ሲለካ በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል 930 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት አለ። የአገር ውስጥ በረራ በአዲስ አበባ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ያማከለ በመሆኑ መንገደኛው በዚያ አውሮፕላን ይቀይራል። ከጋምቤላ እስከ ቦሌ 475 ኪሎ ሜትር፣ ከቦሌ እስከ ጅግጅጋ ደግሞ 455 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ሁለቱን ከተሞች በሚያገናኘው ቀጥተኛ መስመር ላይ ልትባል በምትችልበት ስፍራ ስለምትገኝ፣ በቦሌ በኩል መሄድ በርቀቱ ላይ የሚጨምረው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ይህ ግን በሁሉም መስመሮች ላይ አይሠራም። ለምሳሌ ከመቀሌ እስከ ሰመራ ቀጥታው ርቀት 245 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በቦሌ በኩል ሲኬድ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

በየብስ ከጋምቤላ በአዲስ አበባ በኩል እስከ ጅግጅጋ ያለው መንገድ ከ1,300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

የበረራ ሰዓቱ

በአገር ውስጥ መስመሮች በስፋት የሚያገለግለው ባለ ፕሮፔለር ዳሽ 8 ኪው 400 አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበርራል። በዚህ ፍጥነት ብቻ ቢሰላ ከጋምቤላ እስከ ቦሌ 44 ደቂቃ በቂ ነበር። በትኬት ላይ የሚሰፍረው ጊዜ ግን አውሮፕላኑ ከመቆሚያው ከተንቀሳቀሰበት አንሥቶ በመድረሻው እስከሚቆም ድረስ ያለውን ስለሚያካትት፣ በመሬት ላይ የሚደረገው እንቅስቃሴ፣ ወደ ከፍታ መውጣቱና ለማረፍ መውረዱ ይጨመሩበታል። በመሆኑም እያንዳንዱ በረራ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይወስዳል።

በቦሌ የሚደረገው ቆይታ

ጉዞውን የሚያረዝመው ርቀቱ ሳይሆን ሁለተኛውን በረራ ለመጠበቅ የሚያልፈው ጊዜ ነው። ስለዚህ ሁለቱን በረራዎች በአንድ ትኬት መግዛት ይመከራል። ትኬቶቹን ለየብቻ የገዛ መንገደኛ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ሁለተኛው ሊያመልጠው፣ ወጪውም በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ለሕክምና ቀጠሮ፣ ለፍርድ ቤት ጉዳይ ወይም ለፈተና የሚጓዙ ከቀጠሮው ዕለት አስቀድመው ቢደርሱ ይመረጣል።

የሰዓት አቆጣጠር

በትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት በዓለም አቀፉ የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። 07:30 ማለት ከጠዋቱ 1:30፣ 13:00 ማለት ከቀኑ 7:00 ነው። 07:30ን ከቀኑ 7:30 አድርጎ የተረዳ መንገደኛ አውሮፕላን ማረፊያ የሚደርሰው በረራው ከሄደ ከስድስት ሰዓት በኋላ ይሆናል። ቀኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሚሰፍር ስለሆነ፣ መንገደኞች ትኬታቸውን እንደተቀበሉ ቀኑንና ሰዓቱን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መልሰው እንዲያረጋግጡ እናሳስባለን።