ነጋዴውና ቅሬው፦ የንግድ ሰው በአቀስታና አካባቢው ማኅበራዊ ተቋማት ያለው ድርሻ

በደቡብ ወሎ ዞን የለጋምቦ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው አቀስታ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በሚዘልቀው መንገድ ላይ የተቆረቆረች የደጋ ከተማ ናት። የአካባቢው ሕዝብ ኑሮ በአመዛኙ በገብስ፣ በስንዴ፣ በባቄላና በበግ ርባታ ላይ የተመሠረተ ሲሆን የከተማዋ ንግድም የሚነሳው ከዚሁ ነው። እህል የሚሰበስበው፣ በግ ገዝቶ ወደ ሌሎች ገበያዎች የሚልከው፣ ጨው፣ ስኳር፣ ቡናና ልብስ የሚቸረችረው፣ ወፍጮ ያቆመው፣ ሻይ ቤት የከፈተው ሁሉ በየገበያው ቀን ከገበሬው ጋር ይገናኛል።

የዚህ ነጋዴ የሥራ ቀን ግን የሱቁን በር ሲዘጋ የሚያበቃ አይደለም። ማታ የዕቁብ ስብሰባ ይጠብቀዋል። በማግስቱ የትምህርት ቤቱ ወላጆች ኮሚቴ ይጠራዋል። የመስጊዱ ወይም የቤተ ክርስቲያኑ ግንባታ ኮሚቴ ቆርቆሮና ሲሚንቶ እንዲያስመጣ ይልከዋል። ሞት በተሰማ ጊዜ ደግሞ ሱቁን ዘግቶ ከቅሬው ጋር ይወጣል። ለመሆኑ ነጋዴው በእነዚህ ተቋማት ውስጥ ይህን ያህል የሚፈለገው ለምንድን ነው? ተሳትፎው ለሕዝቡ ጥቅም ሆኖ እንዲዘልቅስ ምን መሟላት ይኖርበታል?

ቅሬ ምንድን ነው?

በሌሎች የአገሪቱ አካባቢዎች ዕድር የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር በወሎ በተለምዶ የሚጠራው ቅሬ በሚል ስም ነው። አባሉ ግለሰብ ሳይሆን ቤተሰብ ነው። ከአባላቱ ቤት ሞት ሲደርስ የቅሬው ዳኛ ያስነግራል። ወንዶች መቃብር ይቆፍራሉ፣ ሴቶች ውኃ ይቀዳሉ፣ እንጀራ ይጋግራሉ፣ ማገዶው ከየቤቱ ይመጣል። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ አባል መቀጮ ይከፍላል። ሕጉን ደጋግሞ የጣሰ ከቅሬው ይወገዳል፤ ይህም በአካባቢው ባህል ከገንዘብ ቅጣት ሁሉ የከበደ ነው። ከቅሬ የተወገደ ሰው ሞት ሲገባበት ሬሳውን የሚያነሳለት ጎረቤት ያጣልና።

በገጠር መዋጮው በአብዛኛው በጉልበት፣ በእህልና በእንጀራ ሲሆን በከተማ ግን ወደ ገንዘብ አዘንብሏል። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ሰሃኑ የሚገዛው ከወርሃዊ መዋጮ ነው። ከሁሉም በላይ የወሎ ቅሬ ልዩ መታወቂያው በብዙ ቦታ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድ መዝገብ ማስፈሩ ነው። ሙስሊሙ ለክርስቲያን ጎረቤቱ መቃብር ይቆፍራል፤ ክርስቲያኑም የሙስሊም ወዳጁን ጀናዛ ይሸኛል። ሥጋ በሚቀርብበት ድግስ ማዕዱ ሊለይ ቢችልም በለቅሶ ቤት ንፍሮው የጋራ ነው።

ነጋዴው ለምን ይመረጣል?

ቅሬም ሆነ ዕቁብ በአብዛኛው የሚመራው በዳኛ፣ በጸሐፊና በገንዘብ ያዥ ነው። በከተማ ገንዘብ ያዥነቱ ብዙውን ጊዜ በነጋዴው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ለዚህም ሦስት ምክንያቶች ይጠቀሳሉ።

የመጀመሪያው ጥሬ ገንዘብ ነው። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም፤ ከፈንና ቡና የሚገዛበት ገንዘብ በዚያው ሰዓት ያስፈልጋል። ገበሬው ሀብቱ በጎተራና በበረት ያለ በመሆኑ ገበያ እስኪደርስ በእጁ ላይ የሚገኘው ጥቂት ነው። የነጋዴው መሳቢያ ግን ሁልጊዜ ዝርዝር አያጣም።

ሁለተኛው ምክንያት መዝገብ ነው። ነጋዴ ገቢና ወጪውን፣ ያበደረውንና የተበደረውን በጽሑፍ መያዝ የዕለት ልማዱ ነው። መዋጮ የከፈለና ያልከፈለ፣ የተገዛና የጠፋ ዕቃ በትክክል መመዝገብ ያለበት ማኅበር ይህን ልማድ ይፈልገዋል።

ሦስተኛው ቦታው ነው። ሱቅ ቀኑን ሙሉ ክፍት የሆነ፣ ሁሉም የሚያውቀው የመገናኛ ሥፍራ ነው። ከሩቅ ቀበሌ የመጣ ሰው መልእክት የሚያኖረው፣ የሞተ ሰው ዜና አስቀድሞ የሚሰማው፣ መዋጮ ለመክፈልም የሚታለፈው በሱቁ በር ነው።

ነጋዴውም ቢሆን ያለ ጥቅም አይሳተፍም። ንግድ በአመኔታ የሚሠራ ሥራ ነው። በዱቤ ዕቃ የሚሰጠው ጅምላ ሻጭም ሆነ በዱቤ የሚወስደው ደንበኛ አስቀድሞ የሚጠይቀው የሰውየውን ስም ነው። የቅሬውን ገንዘብ ለዓመታት ጠብቆ ያስረከበ ሰው ስሙ ዋስ ይሆንለታል።

አበዳሪው ዳኛ ሲሆን

ይሁንና ነጋዴውን ተፈላጊ ያደረገው ይኸው ነገር የችግር ምንጭ የሚሆንበት ጊዜም አለ። የለጋምቦና የአጎራባች ደጋማ ቀበሌዎች ገበሬ ከመኸሩ ባሻገር የበልግ ዝናብን ይጠብቃል። በልጉ የቀረ እንደሆነ ቤተሰቡ በጉን ይሸጣል፤ በጉ ሲያልቅ ከሱቅ በዱቤ ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ነጋዴው በአንድ በኩል አበዳሪ፣ በሌላ በኩል የቅሬው ገንዘብ ያዥ ወይም ዳኛ ሆኖ ይገኛል።

በስብሰባ ላይ ሒሳብ ይነበብልን ብሎ መነሳት የአባል መብት ነው። ነገር ግን የሱቁን ዕዳ ያልከፈለ ገበሬ ይህን መብቱን በአበዳሪው ላይ ለመጠቀም ይደፍራል ማለት ያስቸግራል። ሕጉ ባይከለክለውም ይሉኝታውና ፍርሃቱ ይከለክሉታል። ጠያቂ ያጣ ሒሳብ ደግሞ የታማኙንም ሰው ስም ለሐሜት ያጋልጣል። ስለሆነም ተቆጣጣሪ መሾሙ ነጋዴውን ከመጠርጠር የሚመነጭ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ይልቁንም ለነጋዴው ራሱ መጠበቂያ ነው።

የገንዘቡ አቀማመጥም እንዲሁ ጥንቃቄን ይሻል። በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ በዘለቀበት ወቅት በዞኑ ከተሞች ሱቆችና መጋዘኖች ተዘርፈዋል። የማኅበሩ ገንዘብ ከነጋዴው ገንዘብ ጋር በአንድ መሳቢያ የተቀመጠ ከሆነ በነጋዴው ላይ የሚደርሰው ጉዳት በመበለቲቱና በወላጅ አልባው ልጅ ላይም ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የትኛው ብር የማን እንደነበረ መለየት አዳጋች ነው።

ይህንን ለመከላከል የሚያስችሉት መንገዶች ውድ አይደሉም። የማኅበሩ ሒሳብ በማኅበሩ ስም በባንክ ይከፈታል፤ ገንዘብ የሚወጣውም በሦስት ሰዎች ፊርማ ይሆናል። ዳኝነቱና ገንዘብ ያዥነቱ በአንድ ሰው እጅ አይጠቃለሉም። የሥራ ዘመኑ ይወሰናል። ሒሳቡ በየጊዜው በጉባኤ ፊት ይነበባል፤ መርማሪዎቹም ለሒሳብ ያዡ ዕዳ ከሌለባቸው አባላት መካከል ይመረጣሉ።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 404 ማኅበርን ትርፍ ከማግኘት ወይም ከመከፋፈል ለተለየ ዓላማ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች የሚያቋቁሙት ኅብረት አድርጎ ይተረጉመዋል። በዚህ ትርጓሜ መሠረት ነጋዴው በሱቁ ትርፍ ፈላጊ፣ በማኅበሩ ግን አገልጋይ ነው ማለት ነው።

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችን የሚመለከተው በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 የሃይማኖት ተቋማትን፣ እንዲሁም ዕድርና ዕቁብን የመሳሰሉ ባህላዊ ተቋማትን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጓል። ከእርሱ በፊት የነበረው የ2001 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 621ም በዚህ ረገድ ተመሳሳይ አቋም ነበረው። ይህም ባህላዊ ተቋማቱ ነጻነታቸውን ጠብቀው እንዲኖሩ ያስቻለ ቢሆንም የሒሳብ ምርመራና የሪፖርት ግዴታ ከውጭ እንዳይመጣባቸው አድርጓል። ስለዚህ የቅሬው ሒሳብ ጠባቂ ከአባላቱ ሌላ የለም።

ነጋዴው በሙያው የሚሳተፍባቸው ማኅበራት ግን በሌላ ሕግ ይተዳደራሉ። የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት የተቋቋመው በ1939 ዓ.ም ሲሆን፣ በ1995 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 341 ደግሞ የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶች ከታች ጀምሮ እስከ አገር አቀፍ ደረጃ የሚደራጁበትን ሥርዓት ዘርግቷል። ምክር ቤቱ የነጋዴውን ጥቅም ያስጠብቃል፤ ቅሬው ደግሞ ነጋዴውን ከጎረቤቱ ጋር ያስተሳስረዋል። ሁለቱ ዓላማቸው የተለያየ በመሆኑ አንዱ ለሌላው ምትክ ሊሆን አይችልም።

ከቀብር ወደ መንገድ

የነጋዴዎች ማኅበራዊ ተሳትፎ ከመረዳጃ አልፎ ወደ ልማት ሊሸጋገር እንደሚችል በአገራችን የታዩ ምሳሌዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ በ1950ዎቹ ዓ.ም የተቋቋመው የጉራጌ ሕዝብ የመንገድ ሥራ ድርጅት ነው። በአዲስ አበባ በንግድና በልዩ ልዩ ሥራ የተሠማሩ የአካባቢው ተወላጆች ገንዘብ በማዋጣት ለትውልድ አካባቢያቸው መንገድ እንዲሠራ አድርገዋል። ለዚህ ውጤት ያበቃቸው የአንድ ባለጸጋ ልገሳ ሳይሆን ብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ ማዋጣቱና ከዕድርና ከዕቁብ የወረሱት የመደራጀት ልምድ መሆኑ ሊተኮርበት ይገባል።

በአማራ ክልልም በ1984 ዓ.ም የተመሠረተው የአማራ ልማት ማኅበር በአባላት መዋጮ ላይ ተመሥርቶ ትምህርት ቤቶችንና ጤና ተቋማትን በመገንባት ይታወቃል። በአቀስታም ሆነ በመካነ ሰላም፣ አለዚያም ወደ ደሴና አዲስ አበባ ዘልቆ የሚነግድ የአካባቢው ተወላጅ ለትውልድ ቀዬው አስተዋጽኦ ለማድረግ ሲያስብ እንዲህ ያለው ማኅበር አንዱ በር ነው።

የግለሰብ ባለሀብት ድርሻም የራሱ ቦታ አለው። በሰሜን ወሎ ወልዲያ በ2009 ዓ.ም የተመረቀውና 25 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዘው በሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አላሙዲ ስም የተሰየመው ስታዲየም ለዚህ ተጠቃሽ ነው። እንዲህ ያለውን ግዙፍ ሥራ በመዋጮ መሥራት ባይቻል አያስገርምም። ይሁን እንጂ በአንድ ሰው ልገሳ የተሠራ ነገር ከምርቃቱ በኋላ የሚጠግነውና የሚንከባከበው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ይከተለዋል። በመዋጮ የተሠራ ነገር በአንጻሩ ከመጀመሪያው ጀምሮ ባለቤቶቹ ብዙ ናቸው።

የባህሉና የእምነቱ ወጪ

ወሎ የቅኝት አገር ነው። ባቲና አምባሰል የተሰኙት ቅኝቶች ስማቸው ከወሎ ምድር ጋር የተያያዘ ነው። የወሎ መሻይኾች የገጠሟቸው መንዙማዎችም ከክልሉ አልፈው በአገር ደረጃ የታወቁ ናቸው። እነዚህ ሀብቶች የኖሩት በዜማ ብቻ አይደለም። መውሊድ ሲከበር፣ ወዳጃ ሲቀመጥ፣ ታቦት ሲነግሥ፣ የሰንበቴ ተራ ሲደርስ ቡናውን፣ ስኳሩን፣ ዱቄቱን፣ ጧፉን የሚያቀርብ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሰው ብዙ ጊዜ የምናገኘው ከንግዱ ማኅበረሰብ ውስጥ ነው።

በዚህ ረገድ የወሎ ነጋዴ ያቆየው መልካም ልማድ አለ። ለጋራ ድግስ ሲሰናዳ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ተብሎ ለየብቻ ይታረዳል። ሙስሊሙ ነጋዴ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ፣ ክርስቲያኑም ለመስጊድ ሥራ እጁን መዘርጋቱ በአካባቢው እንደ ልዩ ገድል የሚቆጠር አይደለም። የሁለቱም ደንበኛ አንድ ነው፤ የሁለቱም ቅሬ አንድ ነው።

ማን ለማን ይበልጥ ያስፈልጋል?

በ1977 ዓ.ም በደረሰው ድርቅ ሳቢያ ከወሎ ተነስተው በሌሎች ክፍላተ ሀገር የሰፈሩ ወገኖች ንብረትም ሱቅም ሳይኖራቸው በአዲሱ ሰፈራቸው ቅሬያቸውን መልሰው ማቋቋማቸው ይታወቃል። ይህ ታሪክ ቅሬን የሚያቆመው ገንዘብ ሳይሆን ቃል ኪዳን መሆኑን ያስረዳል። ቅሬ ያለ ነጋዴ ሊቆም ይችላል፤ ነጋዴ ግን ያለ ቅሬ አይቆምም። የሱቁ ባለቤት ምንም ያህል ቢከብር የራሱን ሬሳ ራሱ ተሸክሞ አይቀብርም።

ስለዚህ የንግድ ሰው ለአካባቢው ተቋማት ከሚያበረክተው ሁሉ የላቀው ከኪሱ የሚያወጣው ብር አይደለም። ትክክለኛ መዝገብ መያዝን፣ ደረሰኝ መስጠትን፣ ሒሳብን በወቅቱ መዝጋትን ለጎረቤቶቹ ማስተማሩ ነው። የንግድ መዝገብ የመያዝ ግዴታ በ1952 ዓ.ም በወጣው የንግድ ሕግም ሆነ በ2013 ዓ.ም በተተካው አዲሱ ሕግ ውስጥ ሰፍሯል። ያንኑ ልማድ ከሱቁ ወደ ቅሬው ይዞት የሄደ፣ ተተኪ ጸሐፊዎችን ከወጣቶች መካከል ያሠለጠነ፣ ጊዜው ሲደርስም መዝገቡን በጉባኤ ፊት አስነብቦ ያስረከበ ነጋዴ ከእርሱ በኋላም የሚዘልቅ ተቋም ትቶ ያልፋል። በአቀስታም ሆነ በሌሎች የደጋ ከተሞች በልግ በቀረበት ዓመት አንዲት መበለት ባሏን በክብር ለመቅበር የምትችለው ያ መዝገብ በትክክል ተይዞ ሲገኝ ነው።