ከአሶሳ ጋምቤላ፦ ቅርብ ነው፣ ግን በቦሌ ነው

እህቴ ጋምቤላ ወለደች። ነርስ ናት፤ ባለቤቷም ሥራው እዚያው ነው። ሽሮ ሜዳ ያለችው እናታችንን ጉልበቷን ስለሚያማት ሄዳ ማረስ አልቻለችም። ስለዚህ አሶሳ ለሚያስተምረው ታላቅ ወንድሜ ደወለች። «አንተ ቅርቧ ነህ አይደል? ሂድና እያትልኝ» አለችው።

እውነት ቅርብ ነው? ስልኬን አውጥቼ በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መሀል መስመር አሰመርኩ። ከሰሜን ወደ ደቡብ 210 ኪሎ ሜትር ገደማ። ለአገር ውስጥ በረራ የምናውቀው ባለ ሁለት ሞተሩ ኪው 400 ከፍታውን ከያዘ በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። ስናካፍለው 21 ደቂቃ ይመጣል። ግን አውሮፕላን ሲነሳም ሊያርፍ ሲልም ቀስ ስለሚል፣ ለአጭር በረራ 20 ደቂቃ ያህል ጨምሩበት። በቃ፣ 40 ደቂቃ። በሥራ መውጫ ሰዓት ከሜክሲኮ አዲሱ ገበያ ከመድረስ ይሻላል!

ወንድሜ ትኬት ሲፈልግ ያገኘው ግን በቦሌ የሚዞረውን ነው። ከአሶሳ አዲስ አበባ 475 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ጋምቤላም ያንኑ ያህል። ድምሩ 950፤ ከቀጥታው ከአራት እጥፍ በላይ። በአየር ላይ ብቻ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፤ ለእሱ ደግሞ ሰዓቱ ስላልገጠመ አዲስ አበባ ማደር ነበረበት። በመኪናስ? እናቴ መንገዱ በወለጋ በኩል መሆኑን ስትሰማ «ተወው ልጄ» አለች።

ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ስለሆንኩ መጀመሪያ የተናደድኩት በራሴ ነው፤ ምክንያቱን አውቀዋለሁና። 20 የክልል ከተሞችን እርስ በርስ በቀጥታ ለማገናኘት 190 መስመር ያስፈልጋል። ሁሉንም ቦሌ ላይ ካገናኛችሁ 20 ይበቃል። ኪው 400 ከ70 በላይ መቀመጫ አለው፤ ከአሶሳ ጋምቤላ በየቀኑ ያን ያህል ሰው አይሄድም። አውሮፕላኑ ግማሹ ባዶ ሆኖ ቢበርም ነዳጁና አብራሪው ያው ነው።

ግን ነገሩ «ወይ በየቀኑ ቀጥታ፣ ወይ ምንም» መሆን የለበትም። ድሮ በዲሲ 3 ዘመን የአገር ውስጥ አውሮፕላን ከከተማ ከተማ እያረፈ፣ ሰው እያወረደና እየጫነ ይሄድ ነበር። ዛሬም ሁለቱ በረራዎች በማይሞሉበት ቀን አንድ አውሮፕላን አዲስ አበባ፣ አሶሳ፣ ጋምቤላ፣ አዲስ አበባ ብሎ ቢዞር 1,160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። ሁለቱን ለየብቻ ደርሶ መልስ መሄድ ግን 1,900 ነው። ከአዲስ አበባ ጋምቤላ የሚሄደው ሰው በአሶሳ ስለሚዞር መንገዱ ይረዝምበታል፤ ኪሳራው እሱ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ቢሆን ግን የሚከፋ አይመስለኝም።

ወንድሜ በመጨረሻ ሄደ። ሽሮ ሜዳ አድሮ፣ እናቴ ያዘጋጀችውን ቅቤ፣ የገንፎ እህልና ጋቢ ተሸክሞ በነጋታው በረረ። አራት ቀን ፈቃድ ወስዶ ነበር፤ ሁለቱ ለመሄድና ለመመለስ አለቁ። በሦስተኛው ቀን ሕፃኗን ታቅፎ ፎቶ ላከልን።

እናቴ ፎቶውን ደጋግማ አየችው። ቀጥላም «አሁን ሲመለስም እዚህ ያድራል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ተነስታ ሽሮ ልታሰራ ወደ ጓዳ ገባች።