ያልወጣ ብር፣ ያልተሸጠ በግ

“ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ” እንዲሉ፣ ብዙዎቻችን ቁጠባ ትዝ የሚለን የበዓል ዋዜማ ደርሶ ኪሳችን ሲራቆት ነው። በውጭው ዓለም ግን ባልና ሚስት ተስማምተው ከቤት ኪራይ፣ ከቀለብና ከሕክምና በስተቀር ለአንድ ወር ሳንቲም ሳያወጡ የሚቆዩበት ዘዴ ከተለመደ ሰንብቷል። “ወጪ አልባ ወር” ይሉታል። ለመሆኑ ይህ ዘዴ ለእኛ ገበያ ይበጃል? መልሱን ለማግኘት ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ወደምትገኘው የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ከተማ፣ ወደ ሞላሌ፣ ጎራ እንበል።

ሞላሌ ብርዱ የሚበረታባት የገብስና የበግ አገር ናት። የመንዝ በግ ሰውነቱ አነስ ያለ ነው፤ ፀጉሩ ግን ተፈትሎ ባና ይሠራበታል። ለአካባቢው ገበሬ በግ ሥጋ ብቻ ሳይሆን የባንክ ደብተርም ጭምር ነው። ጨውና ሳሙና ሲያልቅ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል፣ የማዳበሪያ ዕዳ ሲጠየቅ፣ ከበረት የሚወጣው እሱ ነው።

ጥያቄው የትኛው በግ ይወጣል የሚለው ነው። ገንዘብ በጥድፊያ ሲፈለግ ገዢ ቶሎ የሚያነሳው ፈጥኖ ያደገውን ጠቦት ነው። ምርጡ ይሸጣል፤ ደካማው ለዘር ይቀራል። በ2001 ዓ.ም. አካባቢ በመንዝ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ሥራ ካተኮረባቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው ነበር፤ ምርጥ አውራዎች ሳይሸጡ ለጋራ ዘር እንዲቆዩ ማድረግ።

የወጪ አልባው ወር ትርጉም የሚለወጠውም እዚህ ላይ ነው። ከተሜው ወጪ ሲያቆም ብር ይተርፈዋል፤ የሞላሌው ባለበግ ሲያቆም ግን በግ ይተርፈዋል።

ነሐሴን እንውሰድ። ፍልሰታ ስለሆነ በጾመኛው ቤት ለ15 ቀናት ሥጋ፣ ቅቤና እንቁላል አይገዛም። ክረምቱ ሣር አብቅሏል። እንቁጣጣሽ ደግሞ ደጅ ላይ ቆሟል። ለስሌት ያህል፣ በሐምሌ መጨረሻ 6,000 ብር የሚያወጣ ጠቦት በጳጉሜን 7,500 ብር ያወጣል እንበል። ባልና ሚስቱ በነሐሴ ልብሱን፣ ጠላውንና የስልክ ካርዱን “ይቅር” ብለው ከቆዩ፣ 1,500 ብሩ የትዕግሥታቸው ዋጋ ነው ማለት ነው።

ከተሜውስ? የተረፈውን ብር ባንክ አስቀመጥኩት ብሎ እፎይ እንዳይል የቅርብ ጊዜ ታሪክ ያስጠነቅቀዋል። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ደረሰ። በዚህ ስሌት በ7 በመቶ የተቀመጠ 1,000 ብር በዓመቱ 1,070 ብር ሲሆን፣ በ1,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ 1,300 ብር አልፏል። ስለዚህ የተቆጠበው ብር ወደምን እንደሚለወጥ ወሩ ሳይጀመር መወሰን አለበት። ለነጋዴ ሸቀጥ፣ ለደመወዝተኛ የዕቁብ ዕጣ ወይም የመሥሪያ ዕቃ፣ ለገበሬ ደግሞ ያው በጉ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ወጥመድ “ለጊዜው ይቆይ” የተባለው ወጪ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ከሥጋና ከቅቤ የተረፈው ገንዘብ የፋሲካ ዕለት በአንድ ቀን ሲበላ እናያለን። የተላለፈ ወጪ ቁጠባ አይባልም። ዕድር፣ ዕቁብና ሕክምና ደግሞ ከመጀመሪያውም የሚቆሙ አይደሉም። በተለይ ዕጣው የወጣለት ሰው ዕቁብ አልጥልም ቢል ዕዳ ነው።

ስለ ባልና ሚስት ካነሳን፣ ብዙ ጊዜ የጨውና የሳሙናው ወጪ በሚስት እጅ፣ የመጠጥ ቤቱ በባል እጅ ነው። “ወጪ ይቁም” ሲባል የእሷ ብቻ ከቆመ ወሩ ቁጠባ መሆኑ ቀርቶ ጠብ ይሆናል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በጋብቻ ውስጥ የሚገኝን ገቢ የጋራ ያደርገዋል። ገቢው የጋራ ከሆነ ቁጠባውም የጋራ፣ ሒሳቡም በሁለቱም ፊት የሚጻፍ መሆን ይገባዋል።

በግ ነጋዴውና ደላላውም ከዚህ የሚማሩት አለ። ገበሬው ከታገሠ በሐምሌ በርካሽ የሚነሳው ጠቦት ይቀንሳል፤ በጳጉሜን ግን ክብደት ያለው በግ ይገኛል። አደጋም አለው። ሁሉም በአንድ ሰሞን ካወጣ ዋጋው ይወርዳል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት እንደታየው ደግሞ፣ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ገዢ አይመጣም፤ በጉም በባለቤቱ እጅ ይቀራል። ስለዚህ ዋዜማን ብቻ ተማምኖ ሙሉውን መንጋ ማቆየት አያዋጣም። አንዱን አስቀድሞ ሽጦ ለክፉ ቀን የሚሆን ብር መያዝ፣ ምርጡን ግን ማቆየት ይሻላል።

በአጭሩ፣ አንድ ወር አለማውጣት ማንንም ባለጸጋ አያደርግም። ትልቁ ጥቅሙ በጥድፊያ ከመሸጥ ማዳኑ ነው። በጥድፊያ የማይሸጥ ሰው ደግሞ ዋጋውን ራሱ ይናገራል፤ ገበያ ያወቀ ሁሉ የዚህን ትርጉም ያውቀዋል።